ባለ ጨርቅ ዶሮዎች

ዳኛው እንቁላል በጣለች ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ከዶሮ ቤቱ ብቅ ትልና አንገቷን አስግጋ፣ ከእሷ በፊት የጣለ፣ ከእሷም በኋላ የሚጥል የሌለ ይመስል ታስካካለች። አያቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሰማን፣ ሰማን! ፍርዱ ጸንቷል!» ይሏታል። እኔ እስቃለሁ። ፍርድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ከዶሮ ሥር የሚገኝ፣ በእጅ ሲይዙት የሚሞቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዳኛው ገብስማ ዶሮ ናት። ዳኛ ያሰኛት ቀኝ እግሯ ላይ የታሰረው ጥቁር ጨርቅ ነው። አያቴ፣ እናቴ «አባባ» ስለምትላቸው እኔም አባባ የምላቸው፣ ዓይናቸው የመርፌ ቀዳዳ ማየት እስኪሳነው ድረስ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ሲዘጋ ወደ ቤት ያመጡት መቀሳቸውንና አንድ ጆንያ ቅዳጅ ጨርቅ ብቻ ነው። ዶሮዎቹ ሲመጡ ከዚያ ጆንያ እየመዘዙ፣ በጣት ስፋት እየቀደዱ፣ ከጎረቤት ዶሮ ጋር እንዳይደባለቁ በየእግራቸው አሰሩላቸው።

ጨርቁ ሁሉ ባለቤት ነበረው። «ይሄ የዳኛው ካባ ነው። ሰውዬው ክንዱ ረጅም ነው፤ እጅጌውን ደጋግሞ አስፈትቶኛል» ይላሉ፣ ጨርቁን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል እያሹ። ስለዚህ ዶሮዋ ዳኛው ሆነች። ግራጫ ሱፍ ያሰረችው ሙሽራው ተባለች፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ የደረሳት መምህርቷ፤ ቀይ ገበር ያሰረው አውራ ዶሮ ደግሞ ሻለቃው። «ሙሽራው ታቅፋለች»፣ «የዳኛው ላባ ረገፈ» ስንባባል ከቤታችን ሰው ግራ የሚጋባ አልነበረም። አባባን ግራ የሚያጋቧቸው ሰዎች ነበሩ። ይሄን የማውቀው ግን አሁን ነው።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። አባቴ የረጅም መንገድ ሹፌር በመሆኑ ቤት የሚገኘው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው። እናቴ ወደ ዋናው መንገድ በሚያየው ክፍል ፀጉር ቤት ከፍታ ትሠራለች። ከፀጉር ቤቱ በስተኋላ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤቱ በስተኋላ ደግሞ ግቢያችን አለ፤ በአጥር ግንብ የተከበበ፣ መሬቱ በዶሮ ጥፍር የታረሰ፣ ጥግ ላይ አንድ የቆርቆሮ በር ያለው። በሩ ወደ ጠባብ መንገድ ይከፈታል። እናቴ በሩ ላይ ባዶ የወተት ጣሳዎች በገመድ አንጠልጥላበታለች፤ ሲነካ ይንኳኳል፣ ይንቋቋል፣ የሞተ ይቀሰቅሳል።

«ለምንድን ነው?» ብላት፣ «ለሸለመጥማጥ» አለችኝ። አመንኳት። ሸለመጥማጥ በቀዳዳ እንጂ በር ከፍቶ እንደማይገባ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

«አንቺና አባባ ዶሮ ጠባቂ ናችሁ» አለችኝ በእረፍቱ መጀመሪያ። «ከአባባ ጎን ንቅንቅ እንዳትዪ።» ከዶሮዎቹ ጎን ሳይሆን ከአባባ ጎን ማለቷን ያኔ ልብ አላልኩም። ሹመት ነበርና ማን ልብ ይላል?

ጠዋት ጠዋት ፉርሽካውን በውሃ እናርሳለን። አባባ ጨርቅ እንደሚመርጡ ሁሉ በጣታቸው ያሹትና «ገና ነው፣ ይደርቃል»፣ ወይም «በቃ፣ ልስልስ ብሏል» ይላሉ። በቆሎውን በጣሳ ይዘው ያንቀጫቅጩታል፤ ከዚያ ከጉሮሯቸው «ቱርርር... ኩት ኩት ኩት» የሚል ድምፅ ያወጣሉ። ዶሮዎቹ ከየጥጋቸው ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እየተጋፉ፣ ባለ ቀለም እግራቸውን እያነሱ እየጣሉ ይመጣሉ። የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠን እንሰጣቸዋለን። ሙሽራው ስታቅፍ፣ የታቀፈቻቸውን እንቁላሎች አባባ በልብስ ሰፊ ጠመኔያቸው ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ ሌላዋ መጥታ አዲስ ብትጥልበት እንዲለይ ነው። «ለካሁት፣ ለወገብ ይሰፋል» እያሉ ያስቁኛል።

እኔን «ቁልፌ» ይሉኛል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ማለታቸው ነው። ትንሽ፣ ክብ፣ ከወደቀች የማትገኝ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግቢው ላይ ትተኛለች። ዶሮዎቹ አመድ ውስጥ ገብተው አንድ ክንፋቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ከፀጉር ቤቱ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጩኸት እየሳሳ መጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ የንብ ድምፅ ያህላል። የሳሙናና የሞቀ ፀጉር ሽታ ከአመዱ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ትንሽ ላባ ተነስቶ መውረድ የረሳ ይመስል አየር ላይ ይቆያል፤ አባባ በዓይናቸው ይከተሉታል፤ እኔም እሳቸውን እያየሁ እከተለዋለሁ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። እኔ ግን ዳኛው ያን ጊዜ ስታልም ሰው ትሆን ነበር ብዬ አምን ነበር፤ ካባዋን ለብሳ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ።

እናቴ ግቢው ውስጥ አትገባም። ምሳ ሲደርስ ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከማድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ትጠራናለች። አንዷ ዶሮ ወደ እሷ ከተራመደች በሩን ትዘጋለች። እኔ ፅዳት ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ግን እናቴ ዶሮ ትፈራለች። ልጅ እያለች አውራ ዶሮ ከዓይኗ ሥር ነቁሯታል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ላባ ሲነካት ይሰቀጥጣታል። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ አንድ ግቢ ሙሉ ዶሮ ገዝታ ያመጣችው።

የገዛችበትን ምክንያት የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ዶሮዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አባባ አንድ ቀን ሱቄን ልክፈት ብለው በኋላው በር ወጡ። ሱቁ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ቀኑን ሙሉ ተፈልገው አመሻሽ ላይ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ተገኙ፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። የማያውቁት ሰው ግቢ አጥር ሥር ቆመው፣ ከኪሳቸው የዳቦ ፍርፋሪ እያወጡ ለሰው ዶሮ ይበትናሉ። ያገኛቸው አጎቴ ነው፤ አስፋልት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ አሉ። እናቴ ግን ያየችው ሌላ ነገር ነው። አባቷ ቀኑን ሙሉ ሲንከራተቱ ውለው የቆሙት እዚያ፣ ዶሮዎቹ ጋ ብቻ ነው። በማግስቱ ጓንት አጥልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ዶሮ ገዛች።

አባባ ምሳቸውን ሲጨርሱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እጅዎ ይባረክ እመቤት፤ ልጄም ልክ እንዲህ ነው የምትሠራው» ይሏታል። «እርስዎ» ነው የሚሏት። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ አምኜ «እጅዎ ይባረክ እመቤት!» እላለሁ ተከትዬ። እናቴ «አሜን፣ ይባርክልኝ» ትልና ወደ ሳህኑ መደርደሪያ ዞራ ትቆያለች። አንድ ሳህን ለማስቀመጥ ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅባት ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

አጎቴ እሑድ እሑድ ይመጣል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ረጅም፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከከተማው ማዶ የሚኖር። እሑድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ስለሆነ እዚያ ቁጭ ብለው ያወራሉ። እኔ ካስኩ ሥር ያለው ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ያልበራውን ካስክ ራሴ ላይ ደፍቼ እቀመጣለሁ። ከዚያ ውስጥ የሰው ወሬ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ይሰማል፤ ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ ይቀራል።

«ቤቴ አምስተኛ ፎቅ ነው» አለ አንድ እሑድ። «በሩ ይቆለፋል። ሰው ቀጥሬ አስጠብቃለሁ። ምን ጎደለ?»

«ፀሐይ» አለች እናቴ።

«አንቺ ፀጉር ትሠሪያለሽ ወይስ በር ትጠብቂያለሽ? ሰው እንዴት በሕፃን ልጅ ይተማመናል?» ከዚያ ድምፁ ወረደ፣ ካስኩ ዋጠው። ቀጥሎ የሰማሁት ይሄን ነው፤ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያ የኋላ በር ይከፈት፤ በዚያው ቀን እወስዳለሁ። እንደዚያን ቀን ዳግመኛ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አላለቅስም።»

«እሺ፣ ወንድምጋሼ» አለች እናቴ።

ከሄደ በኋላ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ አጎቴ ምንድን ነው የሚወስደው?»

የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን እየለቀመች ነበር። አንዱን ያዘችና ቆመች። «ዶሮዎቹን» አለችኝ። «የኋላው በር ከተከፈተ አጎትሽ ዶሮዎቹን ይወስዳቸዋል። አባባ ወደ በሩ ከሄዱ ሮጠሽ መጥተሽ ጥሪኝ። እሺ የኔ ልጅ?»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እኔን የጣሉኝ በዶሮ ነው። አጎቴ ሊወስድ የፈለገው አባባን ነበር፤ እናቴም ያስጠበቀችኝ አባባን። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አጎቴን የማየው እንደ ዶሮ ሌባ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ግቢው ብቅ ሲል እጄን ዘርግቼ «እሽ!» አልኩት፤ ጭልፊት እንደሚባረረው። ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል አባባ ከት ብለው ሳቁ።

«ና፣ ግባ፣ አትፍራት» አሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሱሪውን ጫፍ ያዙና ገልብጠው አዩት። «ማነው የሰፋው? እጥፋቱ አልቀናም።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ አጎቴ።

«አወቅሁህ፣ አወቅሁህ» አሉት፣ ሰው የማያውቁትን ሰው እንዳይከፋው ብለው በሚሉበት ድምፅ። አጎቴ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ሻለቃው አመዱን ስላቦነነው ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሌባ ዓይኑ አመድ ሲገባበት እሰየው ነው።

ጭልፊት የመጣ ቀን አባባ ምን እንደሆኑ አይቻለሁ። ዶሮዎቹ ድንገት ጸጥ አሉ። ቀና ስል ጥላ ግቢው ላይ ተንሸራተተ። አባባ፣ ከወንበር ለመነሳት ክንዴን የሚደገፉት አባባ፣ እንደ ወጣት ብድግ አሉ። ኮታቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እያርገበገቡ፣ የማላውቀውን ትልቅ ድምፅ እያወጡ፣ ከመምህርቷና ከጫጩቶቿ በላይ ቆሙ። ጭልፊቱ አጥሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «የእኔን? ከእኔ ግቢ?» አሉ እያለከለኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አባባ እስካሉ ድረስ ከዚህ ቤት ምንም ነገር እንደማይወሰድ እርግጠኛ ሆንኩ።

በዚህ መካከል ነው ሙሽራው የጠፋችው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ እናቴ እውነተኛ ሙሽሪት እያስጌጠች ነበር። ካስኩ ይጮኻል፣ ሚዜዎቹ ይስቃሉ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሙሽራው ምን እንደታያት እንጃ፣ ዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ከጣሪያው አጥሩ ላይ፤ ከአጥሩ ወደ ማዶ። ግራጫው ጨርቅ ለአፍታ ታየኝና ጠፋ።

«አባባ! ሙሽራው ሄደች!»

አባባ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ ፊታቸው ቆምኩ። «በሩ ከተከፈተ አጎቴ ይወስዳቸዋል» አልኳቸው።

«ማን ነው የሚሰማው?» አሉኝ። ፊታቸው ጥርት ያለ ነበር። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከገመዱ ፈቷቸው፤ ሐር ሲነኩ የኖሩ ጣቶች ናቸው፣ አንድም ጣሳ ጓደኛውን አልነካም። አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጧቸው። «አንቺ የቀሩትን ጠብቂ ቁልፌ። እኔ ሙሽራውን ይዤ መጣሁ።» በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

እናቴ «ጥሪኝ» ብላኝ ነበር። ነገሩን በልጅ ሚዛኔ መዘንኩት። እናቴን ከጠራሁ በሩ መከፈቱ ይታወቃል፤ ከታወቀ ዶሮዎቹ ይወሰዳሉ። ካልጠራሁ ግን ማንም ያልሰማው በር እንዳልተከፈተ ይቆጠራል። በሩን ዘጋሁ። ጣሳዎቹን እየተንጠራራሁ መልሼ ሰቀልኳቸው። በሥራዬ ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ። ፀሐይዋ የአባባን ባዶ ወንበር አለፈች። ዶሮዎቹ አመዳቸው ውስጥ ተኙ፤ እኔም አጠገባቸው ተጋደምኩ። ካስኩ ቆመ፣ ተነሳ፣ ቆመ። አንድ ላባ በዓይኔ ስከተል እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጥላው ረዝሟል፤ ሙሽራው አጥሩ ላይ ቆማ ቁልቁል ታየኛለች። ብቻዋን ተመልሳለች! ዘልላ ወረደች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መሬት መጫር ጀመረች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እያንዳንዷን በጨርቋ አየኋት፤ ዳኛው አለች፣ መምህርቷ አለች፣ ሻለቃውም አለ።

እናቴ ፎጣዋን ራሷ ላይ አድርጋ ከደፉ ላይ ብቅ አለች። «አባባስ?»

«ሁሉም አሉ እማዬ» አልኳት። «ማንም አልጠፋም። ሙሽራውም መጥታለች።»

ወንበሩን አየች። በሩን አየች። ከዚያ ፎጣው ከራሷ ወደቀ፤ እናቴ፣ ላባ የሚሰቀጥጣት እናቴ፣ በዶሮዎቹ መካከል ሮጠች። ሻለቃው ክንፉን እያራገበ እግሯ ሥር ገባ፤ አላየችውም። በሩን ስትበረግደው ጣሳዎቹ በሙሉ አንድ ላይ ጮኹ፣ ገመዱ ተበጥሶም መሬት ላይ ተበተኑ።

ሚዜዎቹ ተከትለዋት ወጡ። ሙሽሪቷም ራሷ ቢጎዲን እንደሞላው፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። አንዷ ሚዜ ለአጎቴ ስልክ ደወለች። መንገዱ ላይ «አባባ! አባባ!» የሚል ድምፅ እየራቀ ሄደ። እኔ የማስበው ግን ስለ በሩ ነበር። ተከፍቶ ቀርቷል፤ ዳኛው ደግሞ ቀስ ብላ ወጥታለች። አባባ ይጠፋሉ ብሎ ልቤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠረም። ዶሮ ይዤ መጣሁ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ትልቅ ሰው ደግሞ መጣሁ ካለ ይመጣል።

ዶሮ ወደ ቆጡ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል። የበቆሎውን ጣሳ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩና አንቀጫቀጭኩት። «ቱርርር... ኩት ኩት ኩት!» ዳኛው ዞር ብላ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች፤ ይግባኝ የማይቀበል ዳኛ። ጣሳውን አጥብቄ አንቀጫቀጭኩ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ድምፄ እስኪሰልል ጠራሁ።

ከመንገዱ ጫፍ፣ መታጠፊያው ጋ፣ አባባ ብቅ አሉ። ወደ ጣሳው ድምፅ፣ ቀጥ ብለው እየመጡ ነበር። ዳኛውም ስታያቸው ዞራ በአጠገቤ አልፋ ወደ ግቢው ገባች። ኮታቸው ደረታቸው ላይ ተቆልፏል፤ ከአንገታቸው ሥር የነጭ ዶሮ ራስ ወጥቷል።

«ምነው እንዲህ ትጮኺያለሽ? መጣሁ አላልኩሽም?» አሉኝ።

«አባባ፣ እሷ የእኛ አይደለችም!»

«የእኛ ናት። ጨርቋ ወድቆባት ነው። ጨርቅ ከሌለሽ እኮ ማንም አያውቅሽም።»

እናቴና ባለ ቢጎዲኗ ሙሽሪት ከአንድ ወገን፣ የአጎቴ መኪና ከሌላው ወገን ደረሱ። አጎቴ ወርዶ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆመ። አባባን ከራስ እስከ እግር አያቸው፤ ሁለቱም ጫማቸው እግራቸው ላይ ነው። ከዚያ የተከፈተውን የቆርቆሮ በር አየ።

«ተከፈተ» አለ ለእናቴ። ቁጣ አልነበረውም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው ያለው።

እኔ መካከላቸው ገባሁ። «ሁሉም ተመልሰዋል! አንድም አልጠፋም! ተርፎን ሌላ ራሱ መጥቷል! አትወስዳቸውም!» እያለቀስኩ ነበር። «በሩ ቢከፈትም ዶሮዎቹ ቤታቸውን ያውቃሉ!»

አጎቴ እናቴን አያት። «ዶሮዎቹን ነው ያልሻት?» አላት።

እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አጎቴ ግቢው ውስጥ ገብቶ የተደፋው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ፣ በተተኮሰ ሱሪው፣ ቁጭ አለ።

አባባ ጆንያቸውን አስመጡኝ። ነጯን ዶሮ ጭናቸው ላይ አስተኝተው እግሯ ላይ አረንጓዴ ቅዳጅ አሰሩላት። ግን አላቆሙም። «ጨርቅ የሌለው ነው የሚጠፋው» እያሉ ጆንያውን በጣታቸው ያስሳሉ። «ቁልፌ፣ እግርሽን አምጪ።» ቢጫ ጨርቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰሩ፤ ጠበቅ፣ ግን የማያሳምም። ከዶሮዎቹ አንዷ የሆንኩ መሰለኝና እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። እንዳይጠፉባቸው የሚፈሯቸውን እያሰሩ እንደነበር፣ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ደግሞ ሰው መለየት የተሳነውን የራሳቸውን ዓይን እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

ያን ጊዜ እናቴ ተንበረከከች። ዶሮዎቹ ዙሪያዋን ናቸው፣ ዳኛው ቀሚሷን ትነካለች፤ አልሸሸችም። እጇን ጆንያው ውስጥ ከታ፣ ያለበትን እንደሚያውቅ ሰው ከሥር አንድ ጨርቅ መዘዘች። ሐምራዊ፣ ትናንሽ ነጭ አበባ ያለበት። ለአባባ ሰጠቻቸውና የእጅ አንጓዋን ዘረጋች።

«ለእኔስ፣ አባባ?»

አባባ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው መካከል ያዙት፤ አሹት። ፊታቸው በራ።

«ይሄ የልጄ ነው» አሉ። «ትምህርት የጀመረች ቀን የሰፋሁላት። ኪሱን ትልቅ አድርግልኝ፣ ጠጠር እይዝበታለሁ አለችኝ። አደረግሁላት።» ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩአት፤ ጥርጣሬ ገባቸው። «እርስዎ ከየት አገኙት፣ እመቤት?»

አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ እናቴን አየሁ። ጨዋታውን ታውቅበታለች ብዬ፣ ምን እንደምትመልስ ለመስማት ቸኩዬ።

«እሷ ናት ያዋሰችኝ» አለች እናቴ።

«እሷ ካዋሰችዎት ደህና» አሉ አባባ። ጨርቁን አንጓዋ ላይ አዞሩት፣ ቋጠሩት፣ ደግመው ቋጠሩት። «አደራ ግን፣ ይመልሱላት። ትወደዋለች።»

«እመልስላታለሁ።»

አጎቴ ያን ቀን አባባን አልወሰደም። ተነስቶ ጣሳዎቹን መልሶ ሰቀላቸው፤ ሲጨርስ በሩን ነቅነቅ አድርጎ ሰማው። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ጆንያ በቆሎ ጭኖ መጣ። «እሽ» ልለው እጄን አንስቼ ነበር፤ በቆሎውን ሳይ ተውኩት። የነጯ ዶሮ ባለቤት፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ጫማ ሰፊ፣ በማግስቱ ዶሮውን ፍለጋ መጥቶ አባባ «ጨርቋን እይ፣ የእኛ ናት» ቢሉት ስቆ ትቶልን ሄደ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ አወቀ። ጫማ ሰፊው በሳጥኑ ሥር፣ ባለ ሱቋ በባንኮኒዋ ላይ፣ በቆሎ ያለበት ጣሳ አኖሩ። አባባ በድንገት ከወጡ ቅርብ ያለው ሰው ያንቀጫቅጫል፤ ቀጣዩ ይቀበለዋል፤ ድምፁ እየተቀባበለ እስከ ቆርቆሮው በራችን ያመጣቸዋል። ማንም እጃቸውን ይዞ ጎትቶ አያውቅም። ዶሮ ጠባቂም ክብር አለው። አባባ እስከ መጨረሻ ቀናቸው ድረስ ፀሐያቸው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

ጠዋት ጠዋት ግን፣ ፉርሽካውን ከማራሳችን በፊት፣ የእናቴን አንጓ ያዩና ይጠይቋታል። «ልጄ ጨርቋን አልወሰደችም?»

«ዛሬ እሰጣታለሁ፣ አባባ።»

«ቢቆይም ግድ የለም። አትቆጣዎትም፤ ጥሩ ልጅ ናት።»

በቅርቡ የእናቴን ፀጉር ሳበጥርላት፣ አሁን ሽበት ነው፣ በእኔ እጅ ነው የሚሠራው፣ ለብዙ ዘመን በልቤ የያዝኩትን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ እንደረሱሽ ስታውቂ አልከፋሽም?»

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። የምሬን መሆኑ ገረማት።

«ማን ነው የረሳኝ?» አለችኝ። «በየማለዳው ስለ እኔ የሚጠይቁኝ ሰው፣ እንዴት ነው የረሱኝ?»